ውሻን በግቢ ውስጥ መታዘዝ ማስተማር፦ ከ«ቁጭ» እስከ «ተው» ደረጃ በደረጃ

በብዙ ግቢ የማየው ነገር አለ። ባለቤቱ ስሙን ሲጠራው ውሻው ቀና ይላል፤ «ና» ሲለው ደግሞ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሻል። «ይህ ውሻ አይሰማም» ይባላል። ውሻው ግን በደንብ ሰምቷል። ማታ ተፈትቶ ቀን የሚታሰር ውሻ «ና» የሚለውን ቃል የሚሰማው ጠዋት ጠዋት ሰንሰለት ሊገባለት ሲል ብቻ ነው። በየጠዋቱ የተማረውም ይህንኑ ነው፦ ና ማለት መታሰር ነው።

አብዛኛው ሰው ውሻ ማስተማር የሚያቅተው ውሻው ደንቆሮ ወይም «የሐበሻ ውሻ» ስለሆነ አይደለም። አንዱ የቤተሰብ አባል «ቁጭ በል»፣ ሌላው «ተቀመጥ»፣ ሦስተኛው «ሲት» ይላል፤ ቃሉ አምስት ጊዜ ይደጋገማል፤ ምስጋናው ዘግይቶ ይመጣል፤ ቅጣቱ ደግሞ ውሻው የማያውቀው ነገር ላይ ይወርዳል። የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይሥሩባቸው። አንዱ ሳይጸና ወደ ቀጣዩ አይለፉ። ቃላቱን ለወንድ ውሻ በሚባሉበት መልክ ጽፌያቸዋለሁ፤ ሴት ከሆነች «ነይ»፣ «ተኚ»፣ «ቆዪ»፣ «ተይ» ይበሉ፤ ከዚያ ወዲያ አይቀይሩ።

ከመጀመርዎ በፊት

1. ጤናውን ያረጋግጡ

ቡችላ ከ8 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ መማር ይችላል። ከዚያ በፊት ከእናቱ ባይለይ ይመረጣል፤ ጥርሱን አለዝቦ መጫወትን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነውና። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ያስከትቡት፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀጠሮ የእንስሳት ሐኪሙ ይነግርዎታል። የፓርቮ (ቡችሎችን የሚገድል ተላላፊ የአንጀት በሽታ) ክትባቱ እስኪሟላ ድረስ ቡችላውን መንገድ ላይ አያውጡት፤ ትምህርቱን ግን ግቢ ውስጥ ይጀምሩ። የሆድ ትል መድኃኒቱን ይስጡት፣ ቆዳውን ገልጠው ቁንጫና መዥገር ይፈልጉ። ሰውነቱን የሚያሳክከው ውሻ ልቡ ትምህርቱ ላይ አይሆንም።

2. ቁራሹን ያዘጋጁ

ቁራሽ የምለው ውሻው ትክክል ሲሠራ የሚሰጠውን ትንሽ የምግብ ሽልማት ነው፤ ያለ ቁራሽ አይጀምሩ። በአገራችን ከሁሉ የሚቀለው የበሬ ሳንባ ነው፤ ሉካንዳ ቤት በርካሽ ይገኛል። ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ቀቅለው ሲቀዘቅዝ በሽምብራ ፍሬ መጠን ይክተፉት። ከዚያ አይተልቅ፤ ትልቅ ቁራሽ ውሻውን ያጠግበዋል፣ ለማኘክም ጊዜ ይወስድበታል። ለሁለት ቀን የሚሆነውን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ የቀረውን በረዶ ቤት ያስቀምጡ። ጉበትም ይሆናል፤ በጥቂቱ ግን ይሁን፣ ሲበዛ ሆድ ያላላል። በጾም ወራት፣ በተለይ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ብዙ ሉካንዳ ቤቶች ይዘጋሉ። አስቀድመው ቀቅለው በረዶ ቤት ያስገቡ፤ አለበለዚያ የተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም ካሮት ይጠቀሙ። ቀኑን ሙሉ በቁራሽ ያስተማሩትን ውሻ ማታ ከምግቡ ይቀንሱለት።

ማስጠንቀቂያ፦ የወጥ ትራፊ ቁራሽ አይደለም። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ መርዝ ናቸው። የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

3. ዕቃ

ሰፋ ያለ የአንገት ቀበቶ ይግዙ፤ ሲታሰር ሁለት ጣት በቀበቶውና በአንገቱ መካከል ይግባ። ለቡችላ በየሳምንቱ ይለኩት፤ አንገቱ ሲወፍር ቀበቶው ሥጋ ውስጥ ገብቶ የቆሰለ ውሻ አይቻለሁ። 2 ሜትር ገመድ ለጉዞ፣ 10 ሜትር ገመድ ለ«ና» ትምህርት ያስፈልግዎታል። ረጅሙ ከጥጥ የተሠራ ቢሆን ይሻላል፤ ናይሎን ውሻው ሲፈተለክ መዳፍ ይልጣል። ሰንሰለት በትምህርት ሰዓት አይታይ። አንድ ያረጀ ጆንያ ወይም ምንጣፍ፣ አንድ በርጩማ ይጨምሩ።

በርጩማው ለምን? የእኛ አገር ውሻ ሰው ሲያጎነብስ ምን እንደሚከተል ያውቃል፤ ድንጋይ። እንኳን የጎዳና ውሻ፣ በግቢ ያደገውም ልጆች ሲያጎነብሱ አይቷል። እላዩ ላይ ጎንበስ ብለው «ቁጭ» ቢሉት ጆሮውን አጣብቆ ይሸሻል እንጂ አይማርም። ተቀምጠው ያስተምሩ።

4. ቤተሰቡን ሰብስቡ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ነው። ልጆቹን፣ የቤት ሠራተኛዋንና ዘበኛውን ጨምሮ ሁሉም ባሉበት ቃላቱን ይወስኑ፣ ወረቀት ላይ ጽፈው ወጥ ቤት በር ላይ ይለጥፉ፦ ጎሽ፣ ቁጭ፣ ና፣ ተኛ፣ ቆይ፣ ነፃ፣ ተው። ሌላ ቃል የለም። ዘበኛው ማንበብ ካልቻለ ቃላቱን በቃል ያስጠኑት፤ ከውሻው ጋር ከሁሉም በላይ የሚውለው እርሱ ነው፤ እርሱ ያልተስማማበት ትምህርት ሌሊት ሌሊት ይፈርሳል።

5. ሰዓቱ

በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ ማታ 12 ሰዓት፤ ሁሉም ከምግብ በፊት። ታስሮ የዋለን ውሻ እንደፈቱ ወዲያው አያስተምሩ። 10 ደቂቃ ይሩጥ፣ ይሽና፣ ግቢውን ያሽት፤ ከዚያ ይጥሩት። እሑድ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምሮ ሳምንቱን መተው ከንቱ ድካም ነው።

ደረጃ 1፦ «ጎሽ» (ሁለት ቀን)

«ጎሽ» ውሻው ትክክል የሠራባትን ቅጽበት የምታመለክት ቃል ናት። አጭር ናት፣ ስንቆጣ አንላትም።

1. 15 ቁራሽ በግራ እጅዎ ይያዙና እጅዎን ከኋላ ያድርጉ።
2. «ጎሽ» ይበሉ።
3. ቃሉ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ፣ ቁራሹን ይስጡት። ውሻው ምንም እንዲሠራ አይጠበቅም።
4. 15ቱ እስኪያልቅ ይድገሙ።

ቃሉ ይቅደም፣ እጁ ይከተል። ቃሉን ከመናገርዎ በፊት እጅዎ ከተንቀሳቀሰ ውሻው እጁን ማንበብ ይማራል፤ ቃሉ ባዶ ድምፅ ሆኖ ይቀራል። በሁለተኛው ቀን ማታ ይፈትኑት፦ ፊቱን አዙሮ ሲያሸት «ጎሽ» ይበሉ። አንገቱን ቀልብሶ ከመጣ ገብቶታል፤ ካልመጣ አንድ ቀን ይጨምሩ።

ደረጃ 2፦ ስሙ

ስሙን አንድ ጊዜ ይጥሩ። ዓይኑ ዓይንዎ ላይ ሲያርፍ «ጎሽ»፣ ቁራሽ። በአንድ ትምህርት 10 ጊዜ ይበቃል። ካላየዎት ስሙን አይደጋግሙ፤ በከንፈርዎ ድምፅ ያሰሙ ወይም ሁለት እርምጃ ይራቁ፣ ሲዞር ያመስግኑት። በዚህ ሳምንት ማንም በስሙ አይቆጣው። ጫማ ሲያኝክ «አንበሶ!» ብሎ የጮኸ ልጅ የአምስት ቀን ሥራ ያፈርሳል።

ደረጃ 3፦ «ቁጭ»

1. በርጩማው ላይ ይቀመጡ። ውሻው ከፊትዎ ይቁም።
2. ቁራሹን በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች ይዘው አፍንጫው ጫፍ ላይ ያስጠጉት። ያሽት፣ አይንጠቅ።
3. እጅዎን ቀስ አድርገው ከአፍንጫው ወደ ጆሮዎቹ መካከል ይውሰዱት። ጭንቅላቱ ወደ ላይ ሲሄድ ቂጡ ወደ ታች ይወርዳል።
4. ቂጡ መሬት በነካበት ቅጽበት «ጎሽ»፣ ቁራሽ። ሳይነሳ ይብላ።
5. እስካሁን «ቁጭ» አላሉም፤ አይበሉ። ከ10 ሙከራ 8ቱን ሲሠራ ቃሉን ይጨምሩ፦ መጀመሪያ «ቁጭ»፣ ትንሽ ቆም ይበሉ፣ ከዚያ የእጁ እንቅስቃሴ።
6. ከሦስት ቀን በኋላ ባዶ እጅዎን እንደዚያው ያንቀሳቅሱ፤ ቁራሹ ከሌላው እጅ ይምጣ።

ቃሉን አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉ። «ቁጭ ቁጭ ቁጭ ቁጭ» የሚባል ውሻ ትእዛዙ አራተኛው ቃል ላይ እንደሚጀምር ይማራል። ካልተቀመጠ 5 ሰከንድ ይጠብቁ፣ በእጅዎ ይርዱት፣ በሚቀጥለው ሙከራ ይቀልሉለት።

ሲበላሽ፦ የሚዘልል ከሆነ እጅዎ ከፍ ብሏል፤ ዝቅ ያድርጉት። ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥተው ይሥሩ። እጅ ሲነሳ የሚሸማቀቅ ከሆነ ተመትቶ ያውቃል ማለት ነው፤ መዳፍዎን ወደ ላይ ገልብጠው ከጉልበትዎ ከፍታ ሳያሳልፉ ይሥሩ፣ ሳምንት ቢፈጅም አይቸኩሉ። ቂጡን በእጅ ተጭነው አያስቀምጡት። ሲጫኑት ይገፋዎታል፤ የሚማረው መጋፋትን ነው፣ የቡችላ ዳሌም ሊጎዳ ይችላል።

ደረጃ 4፦ «ና»

ከሁሉም ረጅሙና ዋናው ደረጃ ይህ ነው። የግቢ በር ተከፍቶ መኪና መንገድ ላይ ሲሮጥ ውሻዎን የሚያተርፈው ይህ አንድ ቃል ነው። ስለዚህ ቃሉን እንደ ገንዘብ ይቆጥቡት።

በመጀመሪያ ሕጉ፦ «ና» ብለው ጠርተው አይሰሩት፣ አይጠቡት፣ መድኃኒት አይስጡት፣ አይቆጡት። እነዚህን ማድረግ ሲኖርብዎ እርስዎ ወደ እርሱ ይሂዱ።

ቃሉ ቀድሞ ከተበላሸ፣ ማለትም ውሻው «ና» ሲባል የሚሸሽ ከሆነ፣ አይጠግኑት፤ ይቀይሩት። ሁሉም ተስማምቶ «ወደኔ» ወይም «ቤት» የሚል አዲስ ቃል ይምረጥ፤ ወይም ፉጨት ይሁን። ፉጨት በሩቁ ይሰማል፣ ቁጣም አይታይበትም።

1. ቤት ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ፣ ከ2 እርምጃ ርቀት፣ ስሙንና ቃሉን አስከትለው ይጥሩ፦ «አንበሶ፣ ና!» ስሙ ይቅደም፤ «ና» ብቻዋን በወሬያችን መካከል ትጠፋለች። እግርዎ ሥር ሲደርስ «ጎሽ»፣ ሦስት ቁራሽ በተከታታይ።
2. ቀበቶውን በእጅዎ ነክተው ይልቀቁት። መያዝ መጥፎ እንዳልሆነ ይልመድ፤ ይህን የማያደርጉ ሰዎች ውሻው አጠገባቸው ደርሶ ከእጃቸው ይሸሻል።
3. ሁለት ሰዎች በ5፣ ከዚያ በ10 እርምጃ ተራርቀው በተራ ይጥሩት። ልጆች ይህን ይወዱታል፤ ውሻውም።
4. በሙሉ ግቢው ውስጥ፣ ሳያይዎት፣ ከቤቱ ጀርባ ይጥሩት።
5. ከግቢ ውጭ በ10 ሜትሩ ገመድ ብቻ። ገመዱ መሬት ይጎተት፤ እርስዎ ጫፉን ይርገጡ። ካልመጣ አይጎትቱት፤ ዞረው በተቃራኒው ይራመዱ።

በቀን 10 ጊዜ ይጥሩት፣ 10ሩንም ጊዜ መልሰው ወደ ጨዋታው ይልቀቁት።

የሚያመልጥ ውሻን አያባርሩ። ለእርሱ ማባረር ጨዋታ ነው፣ ሁለት እግር አራቱን አይደርስበትም። ጀርባዎን ሰጥተው ወደ ቤት ይሩጡ ወይም ጎንዎን ሰጥተው መሬት ላይ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ቢመጣም አይምቱት። የሚመታው ስለ መጣ እንጂ ስለ ሄደ አይመስለውም።

ስለ ሰንሰለቱ

አንበሶ የራሴ ውሻ ነበር፤ ይህን ያስተማረኝም እርሱ ነው። ጠዋት ስጠራው ከውሃው ታንከር አጠገብ ይቆማል፤ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ፣ ጅራቱን አጣብቆ። ለብዙ ቀን ፊቴን የሚያይ መስሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት ዓይኑን ተከትዬ ሳይ የሚያየው ግራ እጄን ነው፤ ከኋላዬ የደበቅኩትን፣ ሰንሰለቱን የያዘውን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰንሰለቱን መያዝ ትቼ ከውሻ ቤቱ አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይ አስቀረሁት፤ የጠዋት ምግቡንም እዚያው አደረግሁት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የኋላ እግሮቹን ለመሸሽ እንዳዘጋጀ አንገቱን ብቻ ዘርግቶ ይበላ ነበር። አልነካሁትም። በሁለተኛው ሳምንት የኋላ እግሮቹም ቀረቡ። ያን ጊዜ እየበላ ቀበቶውን እነካ፣ እለቅቅ፣ ሌላ ሥጋ እጨምር ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ሰንሰለቱን ሳስገባ ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

የእርስዎም ውሻ መታሰሩ የግድ ከሆነ በዚሁ መንገድ ይሂዱ፦ ሰንሰለት ባለበት ምግብ፣ ምግብ ባለበት ሰንሰለት። ቢቻል ግን ከሰንሰለት ይልቅ አጥር ያለው ማቆያ ይሥሩለት። ሌት ተቀን የታሰረ ውሻ ጠባቂ አይሆንም፤ ሁሉን የሚፈራ፣ ስለዚህም ሁሉን የሚናከስ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ «ተኛ»

ካስቀመጡት በኋላ ቁራሹን ከአፍንጫው ወደ ሁለት የፊት እግሮቹ መካከል ዝቅ አድርገው መሬት ያስነኩት፣ ከዚያ በመሬቱ ላይ ትንሽ ወደ እርስዎ ይሳቡት። ክርኖቹ መሬት ሲነኩ «ጎሽ»። ቃሉ የሚጨመረው እንደ «ቁጭ» በኋላ ነው። ቂጡን ካነሣ ቁራሹን ቶሎ ስበውታል። ጭራሽ አልተኛም ካለ ወለሉን በእጅዎ ይንኩት፦ በክረምት ጠዋት ሲሚንቶ ላይ ማንም አይተኛም፤ ጆንያውን ያንጥፉለት።

ደረጃ 6፦ «ቆይ»

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይቸኩላል። «ቆይ» ብሎ አሥር እርምጃ ይሄዳል፣ ውሻው ይከተለዋል፣ ሰውየው ይቆጣል። «ቆይ» ሦስት ነገር ነው፤ ጊዜ፣ ርቀትና ፈተና። አንዱን ሲጨምሩ ሌሎቹን ይቀንሱ።

መጀመሪያ መፍቻ ቃል ይኑርዎት። ብዙዎች «በቃ» ይላሉ፤ «በቃ» ግን በስልክም በቡናም ላይ በቀን መቶ ጊዜ የምንለው ቃል ስለሆነ ውሻው ሳይፈቀድለት ይነሣል። እኔ «ነፃ» እላለሁ።

ጊዜ፦ ያስቀምጡት፣ መዳፍዎን አሳይተው «ቆይ» ይበሉ፣ 2 ሰከንድ ቆጥረው «ጎሽ»፣ ቁራሽ፣ «ነፃ»። ከዚያ 5፣ 10፣ 20፣ 30 ሰከንድ። አልፎ አልፎ ወደ 3 ሰከንድ ይመለሱ፤ ሁልጊዜ የሚከብድ ትምህርት ያሰለቻል።

ርቀት፦ ጊዜውን ወደ 2 ሰከንድ መልሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሂዱ፣ ይመለሱ፣ ይስጡት። ከዚያ 2፣ 4፣ 8 እርምጃ። ቁራሹን ሁልጊዜ ተመልሰው እርሱ ያለበት ቦታ ላይ ይስጡ። ከቆመበት ጠርተው የሚሸልሙት ከሆነ ልቡ «ና» የሚለውን እየጠበቀ መቆየት አይችልም።

ፈተና፦ ሰው ሲያልፍ፣ በር ሲንኳኳ፣ ድመት በአጥር ላይ ስትሄድ። ድመቷን ለመጨረሻ ያቆዩዋት።

ቢነሣ አይጩኹ። ምንም ሳይሉ ወደ ነበረበት ቦታ ይመልሱትና ጊዜውን በግማሽ ቀንሰው ይጀምሩ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከተነሣ ጥያቄው ከብዶታል።

ደረጃ 7፦ «ተው»

በየመንገዱ አጥንት ይጣላል፤ ለጎዳና ውሾች መርዝ የተደረገበት ሥጋ የሚጣልበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ይህን ሳይማር በሰፈር አይዙር።

1. ቁራሽ በጡጫዎ ይዝጉና ከአፍንጫው ሥር ያድርጉት። ይልሳል፣ ይጭራል፣ ይነክሳል። ዝም ይበሉ፣ ጡጫዎን አይክፈቱ።
2. ለአንድ አፍታ ፊቱን ሲመልስ «ጎሽ»፤ ከሌላኛው እጅዎ የተሻለ ቁራሽ ይስጡት። በጡጫ ያለውን በፍጹም አይስጡት።
3. ጡጫው ሲቀርብ ወዲያው ፊቱን የሚመልስ ሲሆን «ተው» የሚለውን ቃል ይጨምሩ።
4. ቁራሹን መሬት ላይ አድርገው በመዳፍዎ፣ ከዚያ በእግርዎ ይሸፍኑ፤ ኋላም ሳይሸፍኑ።
5. ገመድ አስረው አጥንት በተቀመጠበት አጠገብ ያሳልፉት። ዓይኑን ወደ እርስዎ ሲመልስ ሥጋ ይስጡት።

አፉ ውስጥ የገባውን ነገር ታግለው አይቀሙት፤ ቶሎ መዋጥን ይማራል። የተሻለ ነገር አፍንጫው ሥር አድርገው ይለውጡት። መርዝ ወይም ያላወቁት ሥጋ ውጦ ከሆነ ወተት አጠጣለሁ፣ አስመልሰዋለሁ እያሉ ጊዜ አያጥፉ፤ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

ደረጃ 8፦ በገመድ መሄድ

ግቢ ውስጥ ይጀምሩ። ገመዱ ልል ሆኖ በግራ እግርዎ አጠገብ እያለ በየሁለት እርምጃው «ጎሽ»፣ ቁራሽ። ሲጎትት ይቁሙ። አይሳቡት፣ አንድም ቃል አይናገሩ፤ እንደ ምሰሶ ይቁሙ። ዞሮ ሲያይዎትና ገመዱ ሲላላ ይቀጥሉ። የመጀመሪያው ቀን ከበር እስከ በረንዳ 20 ጊዜ ሊቆሙ ይችላሉ። አንዴ ቆመው አንዴ ከተጎተቱ ግን ውሻው በርትቶ መጎተት እንደሚያዋጣ ይማራል፤ ስለዚህ ጊዜ በሌለዎት ቀን ገመድ አይያዙ።

ወደ ሰፈር ሲወጡ ማለዳ ይምረጡ፤ ተማሪዎች ከመውጣታቸው በፊት። ልጅ ሲያልፍ፣ ለጸሎት ወይም ለስግደት የሚሄድ ሰው ሲመጣ ገመዱን አሳጥረው ወደ ዳር ይቁሙ፤ ብዙ ሰው ውሻ ይፈራል፣ ልብሱን እንዲነካውም አይፈልግም። የጎዳና ውሾች ቢከቡዎት አይሩጡ፤ ውሻዎን ከኋላዎ አድርገው፣ ፊትዎን ሳያዞሩ፣ በእርጋታ ወደ ኋላ ይመለሱ።

ደረጃ 9፦ በርና እንግዳ

ነጠላ ለብሳ በመጣች እንግዳ ላይ የሚዘልል ውሻ ክፋት የለበትም፤ ሰላምታው ነው። ግን በጉልበት አይግፉት፣ አይጩኹበትም፤ መነካቱም መጯጯሁም ለእርሱ ምላሽ ነው። እንግዳዋ ጀርባዋን ትስጠው፣ እርስዎ ገመዱን ይርገጡ፣ አራቱም እግሮቹ መሬት ሲነኩ ወይም ሲቀመጥ ብቻ ይነካ። ከዘመድ ጋር ተስማምተው በአንድ ቀን አሥር ጊዜ በሩን ያንኳኩለት።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ቁራሽ አይበላም። ወይ ጠግቧል፣ ወይ ፈርቷል፣ ወይ ታሟል። ከምግብ በፊት ሞክረው፣ ጸጥ ያለ ቦታ ወስደውም እምቢ ካለ ሐኪም ይየው።

ግቢ ውስጥ ያውቃል፣ ውጭ አያውቅም። ለውሻ «በረንዳ ላይ ቁጭ» እና «መንገድ ላይ ቁጭ» ሁለት ትምህርት ናቸው። በአዲስ ቦታ ከመጀመሪያው እርምጃ ይጀምሩ፤ ይፈጥንለታል።

ያወቀውን ረሳ። ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ያለው ጎረምሳ ነው። ሴት ውሻ ብታልፍ ስሙንም አይሰማም። ወደ ረጅሙ ገመድ ይመለሱ፣ ቁራሹን ያሻሽሉ፤ ያልፋል።

እጅ ይነክሳል። ቡችላ ከ4 እስከ 6 ወሩ ጥርስ ሲቀይር ድዱ ይበላዋል። የሚያኝከው ነገር ይስጡት፤ ሲነክስ ጨዋታውን አቁመው ለ20 ሰከንድ ይነሡ።

ያጉረመርማል። ስላጉረመረመ አይምቱት። ማጉረምረም «አትቅረበኝ» ማለቱ ነው፤ ይህን በዱላ ያስተዉት ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ምግቡ ላይ የሚያጉረመርም ከሆነ ልጆችን ያርቁ፤ እርስዎ በሩቁ ሲያልፉ የተሻለ ሥጋ ወደ ሳህኑ ይጣሉለት፣ በየቀኑ ትንሽ እየቀረቡ።

«ከታዘዘ ጥበቃው ይጠፋል» ይባላል። አይጠፋም። ማታ ሰው ወይም ጅብ ሲመጣ መጮህ በትእዛዝ የመጣ አይደለም፣ በትእዛዝም አይሄድም። «ቁጭ» እና «ቆይ» የሚያውቅ ጠባቂ ግን ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ ሊመለስ ይችላል።

ሰው ቢነክስ፦ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡ፤ ክትባት የወሰደ ውሻ ቢሆንም የተነከሰው ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ውሻውን አይግደሉት፣ አይልቀቁትም፤ ለብቻው ዘግተው ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ፣ 10 ቀን ይታያል። የሐኪሙን ውሳኔ እየጠበቁ ግን የሰውየውን ሕክምና አያዘግዩ።

በመጨረሻ የእብድ ውሻ በሽታን ምልክት ይለዩ። ሲታዘዝ የነበረ ውሻ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጠባዩ ቢለወጥ፣ ቤተሰቡን ባያውቅ፣ ያለ ምክንያት ቢናከስ፣ ለሀጩ ቢዝረበረብ፣ ውሃ መዋጥ ቢያቅተው ወይም ድምፁ ቢጎረና ትምህርቱን እዚያው ያቁሙ። አፉን ከፍተው አጥንት ተሰክቶበት እንደሆነ ለማየት አይሞክሩ። ልጆችን ወደ ቤት ያስገቡ፣ በሩን በላዩ ይዝጉ፣ ማንም ሳይነካው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።